ምዕራፍ 7፦ ከሸክላው የተላቀቀው ዘፈን

ባትሪው የደከመ ቴፕ ያዳመጠ ሰው የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ያውቀዋል። ካሴቱ መንቀራፈፍ ሲጀምር ዘፈኑ ብቻ አይዘገይም፤ ድምፁም አብሮ ይወፍራል። ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ ጎርናና ወንድ ትሆናለች፤ ክራሩ ቤዝ ጊታር ይመስላል። ባትሪው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ወይም አዲስ ሲገባ ፍጥነቱም ድምፁም እኩል ይመለሳሉ። ባትሪ ለመቆጠብ ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ያደገ ትውልድ ይህን ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ተቀብሎት ኖሯል።

በምዕራፍ 2 ድምፅ የአየር ንዝረት መሆኑን፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚነዝረው ቀጭን፣ ጥቂት ጊዜ የሚነዝረው ወፍራም ሆኖ እንደሚሰማን አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ያ ንዝረት በሸክላ ላይ የተጠማዘዘ ቦይ፣ በካሴት ክር ላይ የማግኔት ምልክት ሆኖ እንደሚቀመጥ ተመልክተናል። ሸክላው ላይ ያለው እንግዲህ የዘፈኑ መግለጫ ሳይሆን ንዝረቱ ራሱ ነው። ሸክላው ሲዘገይ መርፌው በሰከንድ የሚያገኘው ንዝረት ያንሳል፤ ዜማው ይጓተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። ፍጥነትና ቅጥነት የማይላቀቁ መንትዮች ናቸው።

ሸክላው ላይ የተቋጠሩት ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻ አልነበሩም። ዘፈኑ ከፕላስቲኩ ጋር ተቋጥሯል፤ ፕላስቲኩ የሌለው ሰው ዘፈኑም የለውም። የዲጄው እጅ ከድምፁ ጋር ተቋጥሯል። ድምፃዊው ከባንዱ ጋር ተቋጥሯል፤ አንዱን ያለሌላው መስማት አይቻልም። ዲጂታል ቴክኖሎጂ የሠራው ሥራ በአጭሩ እነዚህን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ መፍታት ነው። በዲጄዎች ሙያና በሙዚቃ ግዢ ላይ የታየው ለውጥ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ሸክላ፣ አንድ ምት

ዲጄ ሲባል ዘፈን የሚከፍት ሰው ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ዋናው ሥራ ግን ጭፈራው ሳይቋረጥ ሰውን ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ማሻገር ነው። ለዚህ ሁለት ሸክላ ማጫወቻና በመካከላቸው የሁለቱን ድምፅ የሚያደባልቅ ሚክሰር ያስፈልጋል። አንደኛው ሸክላ ለአዳራሹ ይሰማል፤ ሁለተኛውን ዲጄው በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው እየሰማ ያዘጋጀዋል።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ያለው ዘፈን በደቂቃ 120 ጊዜ ይመታል እንበል፤ ተረኛው 121። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን በደቂቃ 120 ምት ማለት በየግማሽ ሰከንዱ አንድ ምት ማለት ነው። ሁለቱን ዘፈኖች እኩል ብታስነሷቸው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ፈጣኑ ሌላውን በአንድ ሙሉ ምት ቀድሞት ይገኛል። መበላሸቱ ግን ደቂቃ እስኪሞላ አይጠብቅም። ገና በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሁለቱ ከበሮዎች ለጥቂት ይተላለፋሉ፤ ድም ይል የነበረው ድድም ይላል። የሚጨፍረው ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም እግሩ ይጠፋዋል።

መድኃኒቱ ማጫወቻው ጎን ላይ ያለች ተንሸራታች ማስተካከያ ነች። የጃፓኑ ቴክኒክስ በ1972 ያወጣው ኤስኤል-1200፣ ይልቁንም በ1979 የተከተለው ማርክ 2፣ በዓለም ዙሪያ የዲጄዎች መለኪያ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። ሞተሩ ሸክላው የሚያርፍበትን ሳህን የሚያዞረው በጎማ ቀበቶ ሳይሆን በቀጥታ ነው፤ በእጅ ገታ አድርገው ሲለቁት ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል። ማስተካከያዋ ደግሞ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጋለች። በ120 የሚመታውን ዘፈን ወደ 124 ለማድረስ 3.3 በመቶ ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን የቴፑ ሕግ ይመጣል። ያፈጠኑት ዘፈን በዚያው ልክ ይቀጥናል። 6 በመቶ ገደማ ሲደርስ ሙሉው ዘፈን ፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ወደ ላይ የተሻገረ ያህል ነው። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይህን ይችለዋል፤ ሰው ጠንቅቆ የሚያውቀው የዘፋኝ ድምፅ ግን በ8 በመቶ ሲፈጥን ያስቃል። የሸክላ ዲጄ ሁለት ዘፈኖች በስሜት ቢመሳሰሉም በፍጥነት ከተራራቁ ሊያገናኛቸው አይችልም ነበር። ዛሬ ይህ ገደብ መኖሩንም የማያውቅ ዲጄ ሞልቷል።

ሌላው ጣጣ ሸክም ነው። አንድ ትልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ 200 ግራም ያህል ቢመዝን መቶው 20 ኪሎ ነው። አንዳንዱም አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ መግዛት ነበረበት። በኒው ዮርኩ ብሮንክስ በ1970ዎቹ የሂፕሆፕን መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው ኩል ሄርክ፣ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ክፍል ማራዘም ሲፈልግ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንደኛው ላይ ከበሮው ሲያልቅ ሁለተኛው ላይ ከመነሻው ይጀምራል። አሁን በአንዲት ቁልፍ የሚሠራው ድግግሞሽ ያን ጊዜ የሁለት ሸክላ ዋጋና የሁለት እጅ ቅልጥፍና ይጠይቅ ነበር።

ንዝረቱ ቁጥር ሲሆን

በ1982 ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ለገበያ አቀረቡ። ሲዲው ላይ የተቀመጠው ንዝረቱ ሳይሆን የንዝረቱ ልክ ነው፤ የሞገዱ ከፍታ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ እየተለካ ቁጥሩ ተጽፏል። ባለፈው ምዕራፍ እነዚህ ቁጥሮች እንዴት ወደ ዜሮና አንድ እንደሚለወጡ ስላየን አልደግመውም። እዚህ የምንፈልገው መጠኑን ነው። የ4 ደቂቃ ዘፈን በሲዲ ልክ 42 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በስልክ መስመር በሚሠራው ኢንተርኔት ይህን ለማውረድ፣ መስመሩ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ፣ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ያስፈልግ ነበር።

ይህን ያቃለሉት በጀርመን ኤርላንገን የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ ነው። መነሻቸው የጆሮ ድክመት ነው። ኃይለኛ ድምፅ በሚሰማበት ቅጽበት በቅጥነት የሚቀርበው ደካማ ድምፅ ይሸፈናል፤ አለ፣ ግን አንሰማውም። የማይሰማውን ከመጻፍ መተው ይሻላል አሉ። ብራንደንቡርግ ሥራውን ይፈትን ከነበረባቸው ዘፈኖች አንዱ የሱዛን ቬጋ “ቶምስ ዳይነር” ነው። ያለመሣሪያ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ ስለሆነ ስሕተቱን የሚሸፍንለት ነገር የለም። በ1995 ለእነዚህ ፋይሎች ኤምፒ3 የሚለው መለያ ተመረጠላቸው። 42 ሜጋባይት የነበረው ዘፈን በዚያን ጊዜ በተለመደው መጠን ከ4 ሜጋባይት በታች ወረደ፤ በዚያው የስልክ መስመር 9 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው።

ቀሪው ታሪክ የታወቀ ነው። ናፕስተር የተባለው የፋይል መለዋወጫ በ1999 ተከፍቶ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሥራውን አቆመ፤ ልማዱ ግን አልቆመም። ስለ ጥራቱ የማክለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በስልክ ማዳመጫ ምንም የማይመስል የተጨመቀ ፋይል በትልልቅ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ጉዱ ይወጣል፤ ጸናጽሉ ይሻክራል፣ ቤዙም ይልፈሰፈሳል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ዲጄዎች በሰከንድ 320 ኪሎቢት ካልሆነ፣ ከተቻለም ጨርሶ ያልተጨመቀ ካልሆነ የማይጫወቱት።

ሙዚቃ የሌለበት ሸክላ

ዘፈኑ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ዲጄው ግን ከሸክላው አልተነሣም፤ የሚነሣበትም ምክንያት አልነበረም። ሸክላውን በጣቱ ጫፍ ገታ ማድረግ፣ ወደኋላ መግፋት፣ መልቀቅ፣ እየፋቁ ማጮኽ፣ ይህ ሁሉ ዓመታት የፈጀ የእጅ ሙያ ነው። በማውስ ጠቅ እያደረጉ ይህን መሥራት አይታሰብም።

መፍትሔው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከኔዘርላንድስ መጣ። ኤን2አይቲ የተባለው ኩባንያ ፋይናል ስክራች የሚል ሥርዓት ሠራ፤ የቴክኖ ሙዚቃ ዲጄዎቹ ሪቺ ሃውቲንና ጆን አክዋቪቫ ቀድመው ከያዙት መካከል ናቸው። በ2004 ደግሞ የኒውዚላንዱ ሴራቶ ከአሜሪካው ሬን ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭን አወጣ፤ በሂፕሆፕ ዲጄዎች ዘንድ ብዙ የተስፋፋው ይኸኛው ነው።

ሥርዓቱ ሸክላ አለው፤ በመደበኛ ማጫወቻ ላይ ይቀመጣል፣ መርፌም ያርፍበታል። ሸክላውን በተራ ድምፅ ማጉያ ብትከፍቱት ግን የምትሰሙት ጆሮ የሚበሳ ወጥ ጩኸት ነው። ዘፈን የለበትም። ምን አለበት ታዲያ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የቆሙትን የኪሎሜትር ድንጋዮች አስቡ። ከመንገዱ ላይ ከተማውን፣ ተራራውን፣ ገበያውን ሁሉ አንስታችሁ ድንጋዮቹን ብቻ ብትተዉ፣ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ድንጋዮቹን ብቻ እያየ ሦስት ነገር ማወቅ ይችላል። ቶሎ ቶሎ ካለፉት ፈጥኗል። ቁጥራቸው እየጨመረ ከሄደ ወደፊት፣ እየቀነሰ ከሄደ ወደኋላ ነው። የአንዱን ቁጥር ካነበበ ደግሞ የት እንዳለ ያውቃል። ካርታ የያዘ ሰው ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም፤ “አሁን ደብረ ብርሃን መሆን አለብን” ብሎ ይናገራል።

ያ ሸክላ ባዶው መንገድ ነው፤ ካርታው ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዘፈን። በሴራቶ ሸክላ ላይ ያለው ጩኸት በትክክለኛው ፍጥነት ሲዞር በሰከንድ 1,000 ጊዜ ይነዝራል። ዲጄው ሸክላውን በእጁ ይዞ በግማሽ ፍጥነት ቢያዞረው የጩኸቱ ንዝረት 500 ይሆናል። ይኸው የደከመው ቴፕ ሕግ ነው፤ በመፍረስ ፈንታ እንደ ፍጥነት መለኪያ አገለገለ። ሶፍትዌሩ 500 ሲሰማ ዘፈኑን በግማሽ ፍጥነት ያጫውታል። አቅጣጫውን የሚያውቀው ከግራና ከቀኝ ነው፦ ጩኸቱ በአንደኛው ጎን ከሌላው በጥቂቱ እንዲቀድም ተደርጎ ተቀርጿል፤ ሸክላው ወደኋላ ሲዞር ቀዳሚውና ተከታዩ ቦታ ይለዋወጣሉ። ድንጋዮቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ በጩኸቱ ከፍታና ዝቅታ ውስጥ ተሸሽጓል። ዲጄው መርፌውን አንስቶ ሸክላው መሐል ላይ ቢያሳርፈው ሶፍትዌሩ ወዲያው ዘፈኑ መሐል ላይ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ስሌት ተሠርቶ ድምፁ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ካልተወሰነ እጅ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ኩባንያዎቹ ከሶፍትዌሩ ጋር የራሳቸውን መገናኛ ሳጥን አብረው ይሸጡ የነበረው።

እኔ ከዚህ ዘመን ፈጠራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ዲጄው የሚነካው ሸክላ ያው ነው፣ መርፌው ያው፣ ምልክቱም ያው፤ የተለየው ከሸክላው የሚወጣው ሙዚቃ ሳይሆን ትእዛዝ መሆኑ ነው። እጁና ድምፁ ተላቀቁ፤ ዲጄው ግን ልዩነቱ አልተሰማውም። 20 ኪሎው በሁለት ሸክላና በአንድ ላፕቶፕ ተተካ።

ላፕቶፑም በተራው ቤት ቀረ። ፓዮኒር በ2001 ያወጣው ሲዲጄ-1000 ሲዲን እንደ ሸክላ በእጅ ለማሽከርከር የሚያስችል ሰፊ ጎማ ነበረው። በ2009 የተከተለው ሲዲጄ-2000 ደግሞ ፍላሽ ይቀበላል። ዲጄው ዘፈኖቹን ሪኮርድቦክስ በተባለ ሶፍትዌር ቤቱ ያሰናዳል፤ ወደ ክለብ የሚሄደው ፍላሹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው።

ፍጥነት ለብቻ፣ ቅጥነት ለብቻ

መንትዮቹ የተለያዩት እዚህ ነው። ዘፈኑ ቁጥር ከሆነ ኮምፒውተሩ እንደፈለገ ሊቆራርጠው ይችላል። በሺኛ ሰከንዶች በሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፍለዋል። ማፍጠን ሲፈልግ ቁራጮቹን አቀራርቦ ጫፍና ጫፋቸውን ያደራርባል፤ ማዘግየት ሲፈልግ አንዳንዱን ይደግማል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ያለው ንዝረት ስላልተነካ ድምፁ አይቀጥንም አይወፍርም፤ የዘፈኑ ርዝመት ብቻ ይለወጣል። ዘፋኟ በ8 በመቶ ፈጥናም ራሷን ትመስላለች። ሲበዛ ግን ያስታውቃል፤ ቁራጩ የከበሮ ምት መሐል ላይ ሲያርፍ ምቱ ይደበዝዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣችው ሲንክ የምትባለው ቁልፍ ዲጄዎችን እስከ ዛሬ ታጨቃጭቃለች። ሶፍትዌሩ ዘፈኑን አስቀድሞ ይመረምርና ድምፁ በድንገት ከፍ የሚልባቸውን ቅጽበቶች ይለቅማል፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አስልቶ ዘፈኑ ላይ የምት መስመሮችን ያሰምራል። ሲንክ ሲጫኑ የሁለቱ ዘፈኖች መስመሮች ይገጥማሉ። ለወራት በጆሮ የሚለመደው ሥራ በአንድ ጣት አለቀ።

በከበሮ ማሽን ለተሠራ ሙዚቃ ይህ እንከን የለሽ ነው። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ግን በማሽን አይመሩም ነበር። ከበሮ መቺው ሞቅ ሲለው ይፈጥናል፣ ድምፃዊው ሲያዜም ያዝ ያደርጋል፤ ዘፈኑ ሲጀምርና ሲያልቅ ፍጥነቱ አንድ አይደለም። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ላይ ያሰመረው መስመር መሐል ላይ ሲደርስ ከምቱ ጋር ተለያይቷል። ችክችካ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በችክችካ አንድ ዙር ውስጥ ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉ፤ በሦስት በሦስት ከቆጠሯቸው ሁለት፣ በሁለት በሁለት ከቆጠሯቸው ሦስት ዋና ምት ይወጣቸዋል። ለጨፋሪው ትከሻ ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። በአራት አራት የሚሄድ ሙዚቃ ላይ የሠለጠነ ሶፍትዌር ግን ይደናገራል፤ በ120 የሚሄደውን ዘፈን 180 ነው ሊል ይችላል።

ስለዚህ ጭቅጭቁ ላይ የእኔ አቋም ይህ ነው። ሲንክን መጫን ማጭበርበር አይደለም፤ ከምት ማስተካከል የተረፈው ትኩረት ቀጥሎ ምን ይከፈት ለሚለው ከባድ ጥያቄ ይውላል። በጆሮው ምት ማገጣጠም የማይችል ዲጄ ግን የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ችክችካ ሲጠየቅ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

ሸክላ ፍለጋ

በሸክላው ዘመን የዲጄ ሀብት ሌላው የሌለውን ዘፈን መያዝ ነበር። በለንደንም በኒው ዮርክም ለዲጄዎች የተለዩ ሙዚቃ ቤቶች ነበሩ። አንዳንዱ ሸክላ በጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ ይታተማል፤ ባለሱቁ የደንበኛውን ጣዕም አውቆ ጥቂቱን ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጣል። ማን ከማን ጋር እንደሚተዋወቅ የሚከፈተውን ሙዚቃ ይወስን ነበር። ኩል ሄርክ የሸክላዎቹን ስም ተፎካካሪዎቹ እንዳያነቡበት ከመሐላቸው ያለውን ወረቀት በውኃ ዘፍዝፎ ያነሳ እንደነበር ይታወቃል።

በ2003 አፕል የአይቲዩንስ መደብርን ከፍቶ አንድ ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ለዲጄ ግን ብዙም አልጠቀመም፤ ፋይሎቹ እስከ 2009 ድረስ እንዳይቀዱ የሚከለክል ቁልፍ ስለነበረባቸው የዲጄ ሶፍትዌሮች አይከፍቷቸውም። በ2004 በዴንቨር የተቋቋመው ቢትፖርት ዲጄዎችን አስቦ ያለቁልፍ ሸጠ። አንድ ዘፈን በወጣ ቀን የበርሊኑም የናይሮቢውም ዲጄ እኩል ያገኘዋል፤ አያልቅም፣ ከባንኮኒ ሥርም አይደበቅም። ስሙን መደበቅም ቀረ። በ2002 በእንግሊዝ የተጀመረው ሻዛም ዘፈኑን በስልክ ሰምቶ ስሙን ይናገራል፤ እንዴት እንደሚያውቅ በምዕራፍ 9 እመለስበታለሁ። ዲጄው የሚለይበት ነገር ከመያዝ ወደ መምረጥ ተዛወረ። ብዙዎች በዚህ ያዝናሉ፤ እኔ አላዝንም። ባለሱቁን ማወቅ ሙያ ሊባል አይገባውም ነበር።

ያልተጠበቀው ነገር የሆነው በሸክላው ላይ ነው። ዘፈኑ ሲላቀቀው ሸክላው ዋጋ ያጣል ተብሎ ነበር፤ አንዳንዱ ግን ጭራሽ ተወደደ። ለዚህ ከእኛ ሸክላዎች የተሻለ ምሳሌ የለም። አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969፣ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎችን ማውጣት ጀመረ፤ ዓሊ ካይፋም በራሱ አሳታሚ ስም ተከተለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ገበያውን ሲይዘው የሸክላው ምዕራፍ ተዘጋ። ሸክላዎቹም በየቤቱ ተሰበሩ፣ ተጫሩ፣ ተጣሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚህን ዘፈኖች ሰብስቦ በፈረንሳይ ያሰናዳቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ሲወጡ፣ በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ብሮክን ፍላወርስ በተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሲሰማ፣ የውጭ ሰብሳቢ ዋናውን ሸክላ መፈለግ ያዘ። በ2000 የተመሠረተው ዲስኮግስ የተባለ ድረ ገጽ ደግሞ የትኛው ሸክላ መቼ እንደታተመና በስንት እንደተሸጠ ለማንም ያሳያል። ያ ትንሽ ሸክላ ዛሬ የሚሸጠው ለዘፈኑ ተብሎ አይደለም፤ ዘፈኑ በስልክ በነጻ ይሰማል። የሚሸጠው በቁጥር ስላነሰ ነው።

ነገሩ በአሮጌ ሸክላ አልተወሰነም። ቴክኒክስ በ2010 ኤስኤል-1200ን ማምረት አቁሞ በ2016 ተመልሶ ጀመረ። የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር እንዳስታወቀው በ2022 በአገሪቱ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ነበር፤ ሸክላ በብዛት ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

በአገር ቤት መንገዱ ሌላ ነበር። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ስንሻገር ሙዚቃ ቤቱ ራሱ “በፍላሽና በሚሞሪ እንጭናለን” የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ደንበኛው የሚገዛው ዘፈን ሳይሆን የመጫን አገልግሎት ሆነ፤ ለድምፃዊው የሚደርሰው ከዚያ ውስጥ የለም። የተላቀቀ ዘፈን ባለቤቱንም ይለቃል።

ኪራዩ

አሁን ፋይል መግዛቱም እየቀረ ነው። በወር ክፍያ ሚሊዮኖች ዘፈን የሚያሰሙ አገልግሎቶች ከዲጄ ሶፍትዌር ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። ምቹ ነው፤ ሰርግ ላይ ያልታሰበ ዘፈን ቢጠየቅ ወዲያው ይገኛል። ግን የተከራዩትን ዘፈን አከራዩ በፈለገ ጊዜ ይወስደዋል። ስፖቲፋይ በ2020 ከዲጄ ሶፍትዌሮች ጋር የነበረውን ግንኙነት ሲያቋርጥ ዝግጅታቸውን ሁሉ በእሱ ላይ የመሠረቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ አገልግሎቱ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። መተዳደሪያው ሙዚቃ ለሆነ ሰው ኪራይ ለመሞከሪያ፣ ግዢ ለሥራ ይሁን እላለሁ።

ድምፃዊውና ባንዱ

የመጨረሻው ቋጠሮ የተፈታው በቅርቡ ነው። የፈረንሳዩ ዲዘር በ2019 ስፕሊተር የተባለ ሶፍትዌር ለማንም በነጻ ለቀቀ። ብዙ ሺህ ዘፈኖችን ከነተነጣጠለ ድምፃቸው እየተሰጠው የተማረ ነው፤ ያላየው ዘፈን ሲሰጠው የሰውን ድምፅ፣ ከበሮውን፣ ቤዙንና የቀረውን ለየብቻ ያወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ችሎታ ዲጄው እየተጫወተ ሳለ የሚሠራበት ሶፍትዌር ላይ ገባ። ድምፃዊውና ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ከተቀዱበት አሮጌ ሸክላ ላይ ድምፃዊውን ብቻ ማንሳት ይቻላል። ፍጹም አይደለም፤ ሳክስፎኑ አንዳንዴ ከድምፃዊው ጋር ተጣብቆ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቁጥር ለሆነ ሙዚቃ ብቻ ነው። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ማንም ያልቀዳው ዘፈን ለሶፍትዌሩ እንዳልተዘፈነ ነው። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን የሠራውን ካሴት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ከተማ አግኝቶት በ2013 በሸክላም በዲጂታልም ዳግም አሳተመው። በዚያ ጊዜ በታክሲ ሾፌርነት ይተዳደር የነበረው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ለዚህ ሁሉ መነሻው አንዲት ሳትጣል የቆየች ካሴት ናት።

ቤታችሁ ካሴት ወይም ሸክላ ካለ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የቴፑን ማንበቢያ ጭንቅላት በአልኮል አጽዱ፤ ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር ስትቀዱ ኤምፒ3 ሳይሆን ዋቭ ወይም ፍላክ በሚባለው አኳኋን አስቀምጡት። ኤምፒ3 የሚጥለው የተሸፈነውን ደካማ ድምፅ ነው፤ ነጣጣዩ ሶፍትዌር የሚፈልገውም ያንኑ ነው። ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱ፤ ከበሮ ማን እንደመታ፣ ሳክስ ማን እንደነፋ የሚያውቅ ታላቅ በቤቱ ካለ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከቀዳችሁ በኋላም ዋናውን አትጣሉት።